ስልኩና አዳፕተሩ ተገናኝተው መኪናው ዝም ሲል

ጥያቄ፦ «የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አለኝ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሆኖ መሪው ዱባይ ወደ ግራ ተዛውሮ የገባ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት እየበራ አስቸገረኝ፤ ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር ማሽን ሰክተው ለሚያነቡበት ከምከፍል ብዬ ሰማያዊዋን ትንሽ የብሉቱዝ ኢ.ኤል.ኤም 327 ገዛሁ፤ መኪናው ሶኬት ላይ ተሰክታ የብልሽት ኮዱን በስልክ የምታስነብብ አዳፕተር ናት። የእኔ አይፎን ጨርሶ አያያትም። በወንድሜ ሳምሰንግ በ1234 ፔር ሆነች፤ አፑ ግን ከአዳፕተሩ ጋር ተገናኝቻለሁ ይልና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልተቻለም ብሎ ይቆማል። ሻጩ ብሉቱዙ ደካማ ስለሆነ ነው፣ የዋይፋዩን ውሰድ አለኝ። ልቀይረው? የኤ.ቢ.ኤስ መብራቱንስ በዚሁ ማጥፋት ይቻላል?»

መልስ፦ አይቀይሩት። የዋይፋዩን ቢገዙ አይፎንዎ አዳፕተሩን ያገኘዋል፤ ከዚያ በወንድምዎ ስልክ ላይ ያዩትን መልእክት በራስዎ ስልክ ላይ ያነቡታል። ያጋጠመዎት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ናቸው። አዳፕተሩ አስተርጓሚ ነው፤ በአንድ ወገን ከስልኩ ጋር በሬዲዮ ያወራል፣ በሌላው ወገን ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር በሽቦ ያወራል። በእርስዎ አይፎን ላይ እምቢ ያለው የመጀመሪያው ወገን ነው። በሳምሰንጉ ላይ ግን የስልኩ ወገን ሠርቷል፤ ያልሠራው የመኪናው ወገን ነው። «ብሉቱዙ ደካማ ነው» የሚለው የሻጩ ቃል ለአንዱም መልስ አይሆንም። ብሉቱዝ ከመሪው ሥር እስከ ሹፌሩ እጅ ያለውን አንድ ሜትር አያቅተውም።

ከአይፎኑ ልጀምር። የገዟት ዓይነት አዳፕተር የምትጠቀመው የቆየውን ብሉቱዝ ነው። አፕል በዚህ ዓይነት ብሉቱዝ ከአፕ ጋር ዳታ እንዲለዋወጡ የሚፈቅደው ከራሱ ፈቃድ ለወሰዱ ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ርካሾቹ አዳፕተሮች ደግሞ ይህ ፈቃድ የላቸውም። ስለዚህ ዕቃው አልተበላሸም፣ አይፎኑም አልተበላሸም። ስልኩን አጥፍቶ ማብራትም ሆነ ሴቲንግ መነካካት ለውጥ አያመጣም። አይፎን ያለው ሰው ምርጫው ወይ ዋይፋይ ወይ ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ማሸጊያው ላይ ብሉቱዝ 4.0 ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጡ፣ የአፕልን ፈቃድ የያዙም አሉ፤ ኦ.ቢ.ዲ ሊንክ ኤም.ኤክስ ፕላስ አንዱ ነው።

ሎው ኢነርጂውን የሚገዙ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። በስልኩ የብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ይፈልጉታል፤ ሲያጡት «አይሠራም» ብለው ይመልሱታል። ይህ ዓይነቱ ከሴቲንግ ፔር አይደረግም። ስልኩ ላይ ብሉቱዙ ከተከፈተ በኋላ አፑ ውስጥ ገብተው የአዳፕተር ዓይነት በሚለው ቦታ ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂን መርጠው ከዚያው ያገናኙታል። የቆየው ብሉቱዝ በአንድሮይድ ላይ በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ከሴቲንግ በ1234 ወይም በ0000 ፔር ይደረጋል፣ ከዚያ አፑ ውስጥ ይመረጣል። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ አፑ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የሚለውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ላይ የሎኬሽን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ፈቃዱን ከከለከሉት አፑ ምንም አያገኝም፣ ለምን እንዳላገኘም በግልጽ አይነግርዎትም። ሁለት አፖች በአንድ ጊዜ አንድ አዳፕተር መያዝ እንደማይችሉም ይወቁ። አንዱን ሞክረው ወደ ሌላው ሲሄዱ የፊተኛውን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት።

የዋይፋዩ አዳፕተር የራሱን ኔትወርክ ይከፍታል፤ ኢንተርኔት ግን የለውም። ስልክዎ ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ላይ መቆየት ስለማይወድ ሳያማክርዎት ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል፣ አፑም መሀል መንገድ ላይ ይቋረጣል። መፍትሔው ሞባይል ዳታውን ማጥፋት፣ አንድሮይዱ «ኢንተርኔት የለም፣ ልቆይ?» ሲል እሺ ማለት፣ አይፎኑ ላይ ደግሞ አፑ «የአካባቢ ኔትወርክ» ፈቃድ ሲጠይቅ መፍቀድ ነው። አፑ አድራሻ ከጠየቀዎት በአብዛኞቹ 192.168.0.10፣ ፖርቱ 35000 ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን አዳፕተሩን በተጠቀሙ ቁጥር ኢንተርኔት ማጣት ያሰለቻል። ሻጮች ዋይፋዩን የሚመክሩት በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ ስለሚሠራና ተመላሽ ስለሚቀንስላቸው ይመስለኛል። ለእርስዎ መኪና ግን የሚጨምረው ነገር የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ቪትዝዎ ለምን ዝም አለ?

ሰው ሁሉ አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለውን ሶኬት ሲያይ ኦ.ቢ.ዲ 2 (የመኪና ኮምፒውተር ብልሽቱን የሚናገርበት የጋራ ደንብ) ነው ይላል። ሶኬቱ የፕላስቲኩ ቅርጽ ነው፤ በውስጡ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አምራቾች አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲጠቀሙ አስገደዱ። ጃፓን ለአገር ውስጥ ገበያዋ እንዲህ ያለ ግዴታ የጣለችው ዘግይታ ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ ተሠርቶ የመጣ የ2003 ያሪስና ለጃፓን የተሠራው የእርስዎ ቪትዝ በመልክ መንትያ ቢሆኑም አፑ አንዱን አንብቦ ሌላውን ላያነብ ይችላል። አዳፕተሩ በተለመደው መንገድ ሲጣራ በሽቦው ላይ 33 የሚባለውን አድራሻ ይጠራል፣ በሴኮንድ 10,400 ቢት ፍጥነት ያወራል። የዚያ ዘመን የጃፓን ገበያ ቶዮታ ደግሞ በአድራሻ 13 ነው የሚጠራው፣ ፍጥነቱም 9,600 ነው። አፑ በተሳሳተ ስም እየተጣራ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ነው «አልተቻለም» ያለዎት።

ይህን አፑ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ካር ስካነር የሚባለው አፕ በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ አለ፤ መኪና ሲመዘግቡ የግንኙነት ፕሮፋይል (መኪናውን በየትኛው አድራሻና ፍጥነት እንደሚጠራ የሚወስነውን) ያስመርጣል፣ ከቶዮታ ዝርዝር ውስጥ ለጃፓን ገበያ የተዘጋጁ አሉ። ከአንድ በላይ ስለሆኑ አንዱ እምቢ ካለ ቀጣዩን ይሞክሩ። ቶርክ የሚባለው በአንድሮይድ ብቻ ያለው አፕም የመነሻ ትእዛዞችን በእጅ ማስገባት ይፈቅዳል። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው ይሻላል። «ቶዮታ» ብቻ ብለው ፕሮፋይሉን በአውቶማቲክ ከተዉት ግን ያው የበፊቱ መልእክት ይመጣል።

ፕሮፋይል ከመቀየርዎ በፊት ቁልፉ ኦን ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው። ሶኬቱ ቁልፍ ሳይከፈትም ከባትሪው ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ የአዳፕተሯ መብራት ይበራል፣ ስልኩም ይገናኛል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ተኝቷል። ይህ ቀላል ነገር ስንቱን ሰው እንደሚያሳስት ጋራዥ የሚሠራ ያውቀዋል። የአዳፕተሯ መብራት መብራቱ የሚያረጋግጥልዎ 16 እና 4 ቁጥር ቀዳዳዎች ማለትም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው። በእርስዎ መኪና ወሬው የሚመላለስበት 7 ቁጥር ነው። መሪው የተዛወረ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ ተነቅሎ ሽቦዎች ተቀጥለው ስለሚመለሱ የዚህ ሽቦ መቆረጥ ሊያጠራጥር ይችላል። ሆኖም ጋራዥ ውስጥ ማሽን ሰክተው እንዳነበቡልዎት ጽፈዋል። ማሽኑ በዚሁ ሶኬት በኩል ካነበበ ሽቦው ደህና ነው፤ ይህን ጥርጣሬ ይተዉት።

የሚቀረው ተጠርጣሪ አዳፕተሯ ራሷ ናት። ኢ.ኤል.ኤም 327 በመጀመሪያ የአንድ የካናዳ ኩባንያ ቺፕ ስም ነበር። የመጀመሪያው እትም ኮዱ ስላልተቆለፈ ተቀዳ፤ ዛሬ በገበያው ላይ በዚህ ስም የሚሸጡት ርካሾቹ ሁሉ ለማለት ይቻላል ቅጂዎች ናቸው፣ ኩባንያው ራሱም በ2022 ተዘግቷል። ማሸጊያው ላይ «1.5» ወይም «2.1» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ስለ ጥራቱ የሚነግርዎ ነገር የለም፤ ዋናው ኩባንያ 1.5 የሚባል እትም አውጥቶ አያውቅም። ቅጂዎቹ የሚለያዩት ስንት ትእዛዝ ይገባቸዋል በሚለው ነው። አንዳንዶቹ አድራሻና ፍጥነት ቀይር የሚለውን ትእዛዝ አያውቁም፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ለአዲስ መኪኖች ብቻ ተሠርተው በ7 ቁጥር ሽቦ የሚያወራው ክፍል ጭራሽ የላቸውም። እንዲህ ያለች አዳፕተር ከሆነች ትክክለኛውን ፕሮፋይል ቢመርጡም ቪትዝዎን አታነብም። በአንድሮይድ ላይ ኢ.ኤል.ኤም 327 አይደንቲፋየር የሚባል አፕ አለ፤ አዳፕተሩ የትኞቹን ትእዛዞች እንደሚያውቅ ዘርዝሮ ያሳያል። በሳምሰንጉ ላይ ይጫኑትና ይፈትሿት።

በሌላ መኪና ላይ መሞከርም ጥሩ ነው፤ ግን በምን ዓይነት መኪና እንደሞከሩ ይጠንቀቁ። የጓደኛዎ ሱዙኪ ዲዛየር ላይ ብትሠራ ያረጋገጡት የአዲሱን ቋንቋ ክፍሏን ብቻ ነው። ዲዛየር የሚያወራው በ6 እና በ14 ቁጥር ሽቦዎች ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው ከ2001 እስከ 2005 የተሠራ፣ ለአውሮፓ ገበያ የወጣ ያሪስ ላይ መሞከሩ ነው፤ እሱ እንደ እርስዎ መኪና በ7 ቁጥር ያወራል። እዚያ ላይ በአውቶማቲክ ከተገናኘች አዳፕተሯ ጤነኛ ናት፣ የሚቀረው የፕሮፋይል ጉዳይ ነው።

ቪትዝዎ አዳፕተር ሳያስፈልገውም ኮዱን ይነግርዎታል፤ ይህን ብዙ ባለቤት አያውቀውም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ቁልፉ ጠፍቶ እያለ በሶኬቱ 13 እና 4 ቁጥር ቀዳዳዎች መካከል አጭር ሽቦ ይደረጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ኦን ይደረጋል። የቼክ ኢንጂን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ በርቶ፣ ትንሽ ቆም ብሎ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ከበራ ኮዱ 22 ነው፤ ይህም የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ማለት ነው። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። በአብዛኞቹ የኤ.ቢ.ኤስ እና የኤርባግ መብራቶችም በዚያው ጊዜ የየራሳቸውን ኮድ በብልጭታ ይናገራሉ። ጥንቃቄው ይህ ነው፦ የሶኬቱ ሰፊ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ሲያዩት ከ1 እስከ 8 ላይኛው ረድፍ ነው፣ ከ9 እስከ 16 ታችኛው ነው፤ 16 ቁጥር ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ ሽቦው እሱን ከነካ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ከዚያም የከፋ ሊያደርግ ይችላል። ሶኬቱ መሪው ሲዛወር ተገልብጦ ታስሮ ሊሆንም ስለሚችል ቀዳዳ መቁጠሩን በቅርጹ እንጂ በአቀማመጡ አይሥሩት። እጅዎን ካላመኑት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይስጡት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ኤ.ቢ.ኤስ መብራቱ የጠየቁት በአዳፕተሯ በኩል አይሆንም ብለው ይያዙት። የጋራው ቋንቋ የተደነገገው ለጭስ ቁጥጥር ስለሆነ አምራቾችን የሚያስገድዳቸው ሞተሩንና ከሞተሩ ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው። ፍሬን፣ ኤርባግና የበር ቁልፍ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነው የሚያናግራቸው። ለእነዚህ ላውንች ወይም አውቴል ያሉ የጋራዥ ማሽኖች ያስፈልጋሉ፣ ካልሆነም ከላይ ያልኩት የብልጭታ ዘዴ አለ። ቁልፍ ማስለመድ፣ ኮምፒውተር ፕሮግራም ማድረግ፣ ኪሎሜትር መቀየር በዚህች አዳፕተር ይሠራል የሚልዎትን አይመኑ። የኤ.ቢ.ኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ በድንገተኛ ፍሬን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ነው የጠፋው። ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራ ግን መኪናውን አቁመው የፍሬን ዘይቱን ይዩ።

ሌላው የሚያሳስበኝ «ማጥፋት» የሚለው ቃል ነው። አፑ ላይ ኮድ አጥፋ የሚለውን ሲጫኑ ጥፋቱ አይጠገንም። የሚጠፋው ማስረጃው ነው፦ ኮዱ፣ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ የነበረበት ፍጥነትና ሙቀት፣ ኮምፒውተሩ ስለ ቤንዚን አሰጣጥ የተማረው ማስተካከያ ሁሉ ይሄዳል። መካኒኩ ጋ ሲደርሱ የሚያየው ባዶ መዝገብ ይሆናል። ኮዱን መጀመሪያ ይጻፉት ወይም ስክሪኑን ፎቶ ያንሱት፤ የሚያጠፉት ከተጠገነ በኋላ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራቱ እየበራ ሳይሆን በጉዞ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ሞተሩ እሳት እየሳተ ነው፤ ያልነደደው ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን ያቃጥላል። ያኔ ፍጥነት ቀንሰው ቅርብ ጋራዥ ይግቡ።

ግንኙነቱ ሲሳካልዎ ቁጥሮቹን ሲያነቡ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች በአንድ ነገር ይደናገጣሉ። መኪናዎ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ካለው፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ኦን ሲሆን ወደ 77 ኪሎፓስካል ያሳያል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰንጠረዥ 101 መሆን አለበት ይላል፤ ያ ለባሕር ጠረፍ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ ስለሆነ 77 ትክክለኛ ቁጥር ነው። በዚህ ምክንያት ደህናውን ሴንሰር አስነቅለው አዲስ እንዳይገዙ። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ቢወርዱ ያው ሴንሰር ከፍ ያለ ቁጥር ያሳይዎታል። የባትሪውን ቮልት ግን የትም ቢሆኑ ይመኑት፦ ሞተር ጠፍቶ ከ12.4 እስከ 12.6፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ ጤነኛ ነው። ይህን ቁጥር አዳፕተሯ ራሷ ስለምትለካው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ባይገናኙም ያገኙታል።

አዳፕተሯን ሶኬቱ ላይ ትተው አይደሩ። ርካሾቹ መኪናው ቆሞም ከ30 እስከ 50 ሚሊአምፔር ይወስዳሉ፤ ይህ በቀን ወደ አንድ አምፔር-ሰዓት ይጠጋል። 35 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የቪትዝ ባትሪ ሁለት ሳምንት ቢቆም ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የይለፍ ቁጥሯ 1234 መሆኑን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከጎንዎ የቆመ ሰው በስልኩ ሊገባባት ይችላል። እየነዱም ስክሪን አያንብቡ። አብሮዎት የሚሄድ ሰው ያንብብልዎት ወይም አፑ እንዲመዘግብ አድርገው ሲቆሙ ይዩት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለች የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ይህችኑ አዳፕተር ይጠይቃሉ። ኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለሌለው በጋራው ቋንቋ እንዲመልስ አይገደድም፤ ለሞዴሉ ተብሎ የተሠራ አፕ ወይም ፕሮፋይል ከሌለ ከቮልት ያለፈ ነገር አያገኙም። ከመግዛትዎ በፊት አፑ የመኪናዎን ሞዴል በስም መጥቀሱን ይዩ።

እንግዲህ የእርስዎ ቅደም ተከተል ይህ ይሁን። የአይፎኑን ነገር ለጊዜው ይተዉት። በወንድምዎ ሳምሰንግ ካር ስካነርን ጭነው ቁልፉ ኦን እያለ የጃፓን ገበያ ቶዮታ ፕሮፋይሎችን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ካልሆነ አዳፕተሯን በአይደንቲፋየሩ ይፈትሿት። ትእዛዞቹን የማታውቅ ሆና ከተገኘች ለሻጩ ይመልሷት፤ በምትኩ የሚገዙት ግን ሌላ ስም የለሽ የዋይፋይ ቅጂ አይሁን። ቪጌት አይካር ፕሮ የሚባለውን የብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ዓይነት ይፈልጉ፤ በአይፎንም በሳምሰንግም ይሠራል፣ ሲቀመጥም ራሱን ያስተኛል። ሻጩ ሱቁ በር ላይ በራስዎ ቪትዝ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ በሌላ መኪና አሳይቶ ከሸጠልዎት ለእርስዎ መኪና ምንም አላረጋገጠም። እስከዚያው ኮዱን በ13 እና በ4 ቁጥር በብልጭታ አስነብበው ወረቀት ላይ ይጻፉት።